አክስቴ በእንግድነት የተቀበለችው ኮሶ

የከሚሴ ሰው ሁሉ ኮሶውን ለማስወጣት መከራውን ሲያይ፣ ኮሶ እንዲይዛት ብላ በየሥጋ ቤቱ የዞረች ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። እሷም አክስቴ ናት። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው፤ ይህን ያህል ዓመት ቆይቼ ሳወራው እንኳ ፊቴ ይግላል።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ስትሆን፣ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የአዲስ አበባ ደሴ አስፋልት ከሚሴን ሰንጥቆ በሚያልፍበት፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ እህል መሸጫ ነበራት። ማሽላ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሲገኝ ደግሞ ማሾ ትሸጣለች። ከጨፋ የሚመጣላትን እህል እፍኝ ታነሣና በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ፣ እፍ ብላ ገለባውን ካበረረች በኋላ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ትናገራለች። ተሳስታ አላየሁም። ጉዱ ያለው ግን እዚያ እፍ ማለቷ ላይ ነው፤ አክስቴ አስም አለባት።

ማሽላ በሚወቃበት ሰሞን ደረቷ ሲያፏጭ ደንበኞቿ ከበሩ ሳይገቡ ይሰሙታል። ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች። በሁለተኛው ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ሦስተኛው እንዲህ በቀላሉ ላያልፍ ይችላል፤ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ" አለኝ። መድኃኒቷ በአፍ የሚነፉ ሁለት ነገሮች ናቸው። ሰማያዊው ሲያፍናት ወዲያው ትንፋሿን የሚመልስላት ነው፤ እሱን ትወደዋለች፣ ከጡቷ ሥር በመሀረብ ቋጥራ ትይዘዋለች። ቡናማው ደግሞ አመማት አላመማት ጠዋትና ማታ የምትወስደው ነው። እሱን ስትነፋው ምንም ስለማይሰማት "ይሄ ሥራ ፈት" ትለዋለች። በዚያ ላይ ረመዳን በመጣ ቁጥር ያስፈጥራል አያስፈጥርም የሚል ክርክር ቤቱ ውስጥ ይነሣል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሙፍቲ ይሆናል።

ባለቤቷን አገሩ ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል። መካን ግን አላዩም፤ በየዓመቱ "ለከርሞ ኢንሻአላህ" ሲሉ ሲሉ ሰዉ መንገዱን አሳጥሮ ማዕረጉን ሰጣቸው። እንጀራቸው ሰንበቴ ገበያ ከብት መነገድ ቢሆንም ዋናው ሙያቸው ሽምግልና ነው። ከብት ማሽላ ገባ፣ ባልና ሚስት ተኳረፉ፣ ድንበር ተገፋ፣ ከቆላ የመጣ ግመል የሰው ውሃ አደፈረሰ ሲባል የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሁለቱን ወገኖች እስኪደክማቸው ያናግሩና መጨረሻ ላይ "በቃ" ይላሉ። እኔ በቃ ብል ማንም አይሰማኝም፤ እሳቸው ሲሉት ይሠራል።

እኔ እንግዲህ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ጥቂት ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የወባ ስላይድ ስመለከት ኖርኩና፣ ባጃጅ ከሚሴ በገባችበት ሰሞን ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ትምህርቱ ሰውነት ራሱን እንዴት እንደሚከላከል ነበር፤ እዚያ ነው ከአንድ ጉደኛ ፕሮቲን ጋር የተዋወቅሁት። ፍቅር ያዘኝ ብል ማጋነን አይደለም። የክፍል ጓደኞቼ ስለ ማግባትና ስለ ቦታ መመራት ሲያወሩ እኔ ስለ ኢንተርሉኪን አስር አወራ ነበር። ሰው ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀምሮ ነበር።

በሐምሌ ለእረፍት ቤት መጣሁ። ጁምዓ ሰግደን ለምሳ ተሰብስበናል፤ ሀጂ፣ አክስቴና ሁለት ጎረቤት ሴቶች አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ አቧራ የሚባል የለም፤ የአክስቴ ደረት እንደ ሕፃን ደረት ጸጥ ብሏል።

"እስቲ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እዚያ ትልቁ ቤት ምን ያስተምሩሃል?" አሉኝ ሀጂ።

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። "ሰውነታችን ውስጥ ወታደሮች አሉ" አልኩ። "ጀርም ሲገባ ይነሣሉ። ማበጡ፣ ማተኮሱ፣ ማቃጠሉ ሁሉ የእነሱ ጦርነት ነው። ችግሩ ጠላት ካለቀ በኋላም አይቆሙም፤ የገዛ ቤታቸውን ማፍረስ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ አንድ ፕሮቲን ይመጣና በቃ ይላቸዋል።"

ሀጂ ወደ አፋቸው የሚሄደውን ጉርሻ አየር ላይ አቆሙት። "በቃ ይላቸዋል?"

"አዎ።"

"ይሰሙታል?"

"ብዙውን ጊዜ ይሰሙታል።"

"ኧረግ! ይሄማ የኛ ሰው ነው!" አሉና ጎረሱ። "ስሙ ማነው?"

"ኢንተርሉኪን አስር።"

"ዘጠኙስ የት ሄዱ?"

"እነሱም አሉ፤ እንዲያውም ከሠላሳ በላይ ናቸው። አንዳንዶቹ ጠብ ጫሪ ናቸው፤ ይሄኛው ግን አብራጅ ነው።"

"ማሻአላህ፣ ትልቅ ቤተሰብ ነው። ሁሉም ቤት እንዲያው ነው፤ ከሠላሳው አንዱ ሽማግሌ ይወጣዋል።" ሀጂ እንዲህ ከልባቸው ሲያዳምጡኝ የመጀመሪያቸው ነበር። "እሱ የሌለው ሰውስ?"

የዚህን ፕሮቲን ድምፅ የማይሰማ ሰውነት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት እንዳሉ ነገርኳቸው። አንጀታቸው ገና በጨቅላነታቸው ይቆስላል፤ ሰውነታቸው ሆዳቸው ውስጥ ካለው ሁሉ ጋር ሲጣላ ይኖራል። አክስቴ "ያረቢ!" ብላ ደረቷን ያዘች። ሀጂ ግን ሽማግሌ ናቸውና የነገሩን ሌላ ወገን ጠየቁ።

"እሱ ከበዛስ?"

"እሱም ሌላ ጣጣ ነው። ለምሳሌ የወባን ተሕዋስ እንይ። ወታደሩ ሊጨርሰው ሲደርስ ይሄ ሽማግሌ ቀድሞ በቃ ካለ፣ ተሕዋሱ ደም ውስጥ ተደብቆ ይከርማል። ልክ ሦስት ጊዜ ሸምግላችሁ ይቅር እንዳስባላችሁት የፍየል ሌባ።"

አክስቴ ውሃ እየጠጣች ነበርና ስትስቅ ትን አላት። ያ ሌባ በአራተኛው የራሳቸውን የሀጂን ሙክት ነበር የነዳው። ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጁ ድሃ ነበር እኮ" አሉ ወደ ጎረቤቶቹ ዞረው። ከዚያ ወሬ ለማስቀየር ይመስለኛል፣ "ታዲያ ይህን ሸምጋይ በመርፌ አድርገው ለበሽተኛ አይሰጡትም?" አሉኝ።

"አንጀታቸው ለሚቆስል ሰዎች ሞክረውታል፤ ያሰቡትን ያህል አልሆነላቸውም።"

"አይሆንማ። ከውጭ የተላከ ሽማግሌ የሰፈሩን ጠብ በምን ያውቀዋል?"

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። የምሁር አፍ ግን አንዴ ከተከፈተ መዝጊያ የለውም። "የሚገርመው" አልኩ፣ "የሆድ ትልም ይህን ሽማግሌ ይወደዋል። ተባርሮ እንዳይወጣ ሲል ያበረታዋል። ስለዚህ ትል በበዛበት አገር አስም ያንሳል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሽማግሌው ትሉን ሲያስታርቅ እግረ መንገዱን የደረትንም ቁጣ ያበርዳል ነው ነገሩ።" ከዚህ ቀጥሎ ጥናቶቹ እርስ በርስ እንደማይስማሙ፣ ለአስም ሕክምና ብሎ ትል የሚያዝ ሐኪም እንደሌለ ተናግሬያለሁ። የተናገርኩት ግን አክስቴ ጨጓራውን መርጣ ባጎረሰችኝ ሰዓት ስለነበር ለጉርሻው እንጂ ለሰው የተናገርኩት አይመስለኝም።

"የትኛው ትል ነው?" አለች አክስቴ።

"ብዙ የሚጠናው መንጠቆ ትል የሚሉት ነው፤ ጭቃ ላይ በባዶ እግር ሲኬድ የሚገባው።"

"ኡፍ!" አለች ፊቷን አኮማትራ፤ ከዚያ ዝም አለች። የአክስቴን ዝምታ የማያውቅ ሰው እሺታ ይመስለዋል። እኔ ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬም መሰለኝ።

በኅዳር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ሀጂ ናቸው። ሰላምታውን እንደ ወጉ ከሥሩ ጀመርን፤ ነጋ? ፈያ? ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ገባ" አሉኝ።

"ማን ገባ?"

"እንግዳው። ኮሶው። ከነሐሴ ጀምራ ጥሬ ሥጋ ስትበላ ከረመች፤ ይኸው ያዛት። ቡናማውን መንፊያ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ወላሂ እኔ እጄ የለበትም።"

ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ በእኛ ዘንድ ኮሶ ነውር የለበትም። ጥሬ ሥጋ የሚበላን ሰው ይይዘዋል፣ በሁለት ወሩ መድኃኒቱን ጠጥቶ ያስወጣዋል፤ አለቀ። ድሮማ "ኮሶ ጠጥቷል" ከተባለ ሰውዬውን ማንም አያስቸግረውም፤ አበዳሪም ባላጋራም ደጁን ረግጦ ይመለሳል፣ ሽምግልናው ይቀጠራል። ዛሬ ክኒን መጣና ያ ክብር ቀነሰ እንጂ ኮሶ የቤት ሰው ነበር። መንጠቆ ትል ግን ከጭቃ የሚመጣ፣ ዘሩ የማይታወቅ ነገር ነው። አክስቴ የነገርኳትን ሳይንስ አንድ ሳታስቀር ተቀብላ፣ ትሉን ብቻ በክብሯ ልክ አስተካክላው ነበር።

"ስጧት፣ ላናግራት" አልኩ።

"አንተ ልጅ፣ እንዴት ነህሳ?" አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ድግስ አለ።

"እትዬ፣ እኔ መች ኮሶ አልኩ?"

"አንተ ያልከው ያንን የእግር ነው። እኔ ጫማ የምጫማ ሴት ነኝ። አሁን ስማኝ፤ ጨፋ ልጅ ሳለሁ ኮሶ ነበረኝ፤ አስም አልነበረኝም። አግብቼ ከሚሴ ገባሁ፣ ክኒን ዋጥኩ፣ ኮሶው ሄደ፣ አስም መጣ። ይሄ ጥናት አይደለም?"

ክፍላችን ውስጥ ከዚህ ባነሰ ማስረጃ ሽንጡን ገትሮ የሚከራከር ሰው አይቻለሁ። "ጨፋ ያኔ እህል ነጋዴ አልነበርሽም፤ አቧራ አትውጪም ነበር" አልኳት።

"በዚያ ላይ" አለች ሳትሰማኝ፣ "ጾም አያስፈጥርም።"

ተናደድኩ። አውጪው ብዬ ጮህኩባት። እንግዳ አላባርርም አለች። ቡናማውን ውሰጂ አልኳት። "እሺ" አለችኝ፤ የአክስቴ እሺ ደግሞ ስልክ ለመዝጋት የምትጠቀምበት ቃል ነው። ከዚያ ሀጂ ስልኩን መልሰው ተቀበሉና "ግን እኮ ከሰኔ ወዲህ አላፏጨችም" አሉኝ።

እውነቱን ልናገር። ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ክረምቱ አቧራውን አጥቦ እንደወሰደው፣ ማሽላውም ገና ማሳ ላይ እንደቆመ የማውቅ ሰው ነኝ። ግን ምናልባትስ? ምናልባት የእኔ አክስት? በሳምንቱ ለሁለት ጓደኞቼ እያሳቅሁ አወራሁት። እየሳቅሁ ቢሆንም ከፊሌ እየኮራ ነበር። ደጋግሜ ደውዬ መድኃኒቱን እንድትወስድ መጨቅጨቅ ሲገባኝ አንድ ጊዜ ደውዬ ተውኩት፤ ለዚህ ራሴን ይቅር ያልኩት በቅርቡ ነው።

በጥር ለእረፍት ስመጣ አክስቴ በክብሪት ቀፎ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ከፈትኩት፤ ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ ገና የሚንቀሳቀስ የኮሶ ቁራጭ ነው። ማይክሮስኮፕም አላስፈለገኝ። "እንዴት ነው? ደኅና ዘር ነው?" አለችኝ። ምሳ ላይ ከሀጂ እጥፍ በላች፤ "ለሁለት ነው የምበላው" ብላ። ያን ዕለት ከጎረቤቶቹ አንዷ በጎን ጠርታኝ ጥሩ ሥጋ የትኛው ሥጋ ቤት እንደሚገኝ ጠየቀችኝ፤ ለካ እሷም የአክስቴን ሰምታ ለኮሶ የሚሰጠውን ክኒን አልውጥም ብላለች። ቁጣዬን ዋጥኩና "ነገ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን" አልኩ። ለነገ ማለት የቤታችን በሽታ ነው፤ ከሀጂ የተጋባብኝ።

ሌላም ነገር አይቼ ነበር። አክስቴ እህሉን እፍ ማለት ትታለች፤ በጣቷ ብቻ ነው የምታበጥረው። ስታወራ ዓረፍተ ነገሯ አጥሯል፤ ሁለት ሦስት ቃል ትልና ታርፋለች። ድሮ መኪና ከሸዋ ሮቢት ሲነሣ የጀመረችውን ወሬ ከሚሴ ሲደርስ አትጨርሰውም ነበር። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ዕድሜ አብስሏት፣ ቁጥብ ሆናለች ብዬ አደነቅኋት።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ከጨፋ ማሽላ የጫነ አይሱዙ መጣ። ከሚራገፉት ጆንያዎች አንዱ በሩ ላይ ተተረተረና አቧራው ቤቱን ሞላው። እኔ ውጭ ቆሜ ከሾፌሩ ጋር አወራለሁ። ትንሽ ቆይቼ ስገባ አክስቴ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቶ፣ ወደ መሬት ታያለች። ቶሎ ደረቷን አዳመጥኩ። ፉጨት የለም። አንድ አፍታ ደስ ሊለኝ ነበር። ከዚያ አየር የማይገባበትና የማይወጣበት ደረት እንደማያፏጭ ትዝ አለኝ። ከንፈሯ ጠቁሯል።

መሀረቧን ፈትቼ ሰማያዊውን አወጣሁ፤ ነቀነቅሁት፤ ባዶ ነው። አንድ ጠብታ የለውም። "እትዬ! ሌላውስ? ቁልፉስ?" እላለሁ፤ መናገር አልቻለችም፤ በዓይኗ ብቻ ታየኛለች። ሀጂ ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ መንገድ መሀል ገብተው ባጃጅ አስቆሙ። ተሳፋሪውን "ማሎ፣ ውረድልን" ሲሉት ሰውዬው ራሱ ደግፎ አስገባት። መንገዱ ላይ ያለው ጉብታ ሁሉ ያን ቀን የተሠራ መሰለኝ። ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገብቷል፤ እኔ ትንፋሿን እቆጥራለሁ፤ ሀጂ ሹፌሩ ጆሮ ሥር ዱዓ ያደርጋሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ብትሞት የገደልኳት እኔ ነኝ እያልኩ ነበር፤ ጮክ ብዬ ይሁን በልቤ አላስታውስም።

ሆስፒታል እንደደረስን ኦክስጅን አደረጉላት፤ እንደ ጉም እየተነነ የሚገባውን መድኃኒት በጭንብል ሰጧት፤ መርፌ ወጓት። ለረዥም ጊዜ ምንም ለውጥ አልነበረም። ከዙሁር ሶላት በኋላ ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። በዚያ ቤት ፉጨት ሰምቶ በደስታ ያለቀሰ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ያከመቻት ወጣት ሐኪም አክስቴ ቡናማውን ለምን እንዳቆመች ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ፕሮቲኑን፣ ትሉን፣ ጁምዓውን። አንዴ እኔን፣ አንዴ አክስቴን፣ አንዴ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያዬን አየች። መሳቅም መቆጣትም ፈልጋ ሁለቱንም ተወችው። "ሰማያዊው የተዘጋውን በር ለጊዜው ይከፍታል እንጂ ውስጥ ያለውን ጠብ አያበርድም" አለች። "ጠቡን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚያበርደው ቡናማው ነው። አይሰማትም፤ ሥራው ቀስ በቀስ ስለሆነ ነው የማይሰማት።"

ሀጂ ራሳቸውን ያዙ። "አይ ያላህ! ሽማግሌውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈን ሌባውን ነዋ በክብር ያስቀመጥነው!"

ወደ ማታ ሀጂ ሊሰግዱ ወጡና ሁለታችን ቀረን። አክስቴ ጭንብሉን ገለጥ አድርጋ፣ "ተቆጥተሃል?" አለችኝ።

"ሰማያዊው መቼ ነው ያለቀው?"

"ትናንት።"

"ሀጂ ባለፈው ወር አዲስ አልገዙልሽም ነበር?"

ጥቂት ጥቂት ቃል እያለች፣ እያረፈች ነገረችኝ። "ከታኅሣሥ መግቢያ ጀምሮ ያፍነኛል። መጋዘን ገብቼ፣ ከጆንያው ጀርባ ተደብቄ፣ እሱን ስነፋ ከረምኩ። ሀጂም አያውቁ።"

"ለምን? ለምን አልነገርሽኝም? በአንድ ስልክ እኮ…"

"ምን ብዬ? እህል የሸመተኝ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ልጄ ተምሮ ለአስም መላ አገኘ ብዬ አውርቻለሁ። ከባቲ ለመጣው ሁሉ ሳይቀር። ኋላ አልሠራም ብል፣ ያ ሁሉ ዓመት የተማረው ይሄን ነው ይሉሃል። ሰው እንዲስቅብህ…" አየር ሳበች። "…ከዚያ ብታፈን ይሻለኛል።"

ስህተት ማለት በትምህርታችን ውስጥ ነውር እንዳልሆነ፣ ሰው አልሠራም ሲል ነው እውቀት የሚታረመው ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተደፍቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሷ ደግሞ እጇ ላይ የተሰካው መርፌ እንዳይነቀል እየተጠነቀቀች በሌላው እጇ ፀጉሬን ትዳብሳለች። የታመመችው እሷ፣ የሚጽናናው እኔ።

ከሳምንት በኋላ ቤት ገባች። ኮሶውን በክኒን አሰናበትነው፤ ሀጂ "በሰላም ግባ" ብለው መረቁት። እኔ ግን እረፍቴ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶት ነበርና አንድ ሥራ ነበረብኝ፤ የሰማው ሁሉ ዘንድ ሄጄ መሳሳቴን መናገር። ለአክስቴ ስነግራት ነጠላዋን አነሣች። ተኚ ብላት "እኔ ነኝ ያወራሁት፤ አንተ ማን ዘንድ እንደደረሰ በምን ታውቃለህ?" አለችኝ።

በየቤቱ ዞርን። እሷ በየደጁ አረፍ እያለች፣ እኔ ዱላ ይዤ ውሻ እየከለከልኩ። መጀመሪያ ሁለቱ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ሄድን፤ አንዷ ክኒኑን እዚያው በፊታችን ዋጠችው። ከዚያ ሥጋ ቤቱ፤ ባለቤቱ በጣም አዘነ፣ ጥሩ ደንበኛ አጥቷል። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ። በመጀመሪያው ደጅ ንግግሬን እንደ ዩኒቨርሲቲ አዘጋጅቼ ነበርና ስጀምር ምላሴ ተሳሰረ። አክስቴ ናት ነጠቅ አድርጋ "ልጄ ተሳስቷል! ኮሶ ለአስም አይሆንም፤ ልሞት ነበር" ያለችው፤ የጤፍ ዋጋ በምትጠራበት ድምፅ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ እሷ ተናገረች፣ እኔ አንገቴን ነቀነቅሁ። አንዳንዱ ይስቃል። አብረን እንስቃለን።

መጨረሻ ላይ ከገበያው ጀርባ ወዳለች አንዲት ልብስ ሰፊ ወሰደችኝ። ሴትየዋን አላውቃትም፤ አክስቴ ቡታንቲ ታሰፋባታለች። በሩ ላይ ቆመን አክስቴ ያንኑ ነገር ደገመችው። ሴትየዋ የስፌት መኪናውን መርገጥ አቆመች። አልሳቀችም፣ አልጠየቀችም። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች። ስትፈታው ቡናማ መንፊያ ነው።

"የልጄ ነው" አለች። "የስምንት ዓመት ልጅ ናት። ሥጋው ይሻላታል ብዬ… ካንቺ ከሰማሁ ጀምሮ አልሰጠኋትም። አሁን ልስጣት?"

ሁለታችንም እኩል "አሁን!" አልን። አክስቴ ከሴትየዋ እጅ ነጠቀችው፤ እየነቀነቀችው ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ልጅቷ ወዳለችበት ጓዳ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት።